ለታሸገ አውሮፕላን አልፈርምም ያሉት መኮንን፦ ሌተና ኮሎኔል ሙሉጌጥ ደበሌ (1957–2018 ዓ.ም.)

ሌተና ኮሎኔል ኢንጂነር ሙሉጌጥ ደበሌ ከአባታቸው ከአቶ ደበሌ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሽታዬ ገብሬ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1957 ዓ.ም. እዚሁ ሐዋሳ ከተማ ተወለዱ። ሐዋሳ ያን ጊዜ ጎዳናዋ ገና የተቀየሰ፣ ከሰዉ ይልቅ የሐይቁ ቢምቢ የሚበዛባት ከተማ ነበረች። አባታቸው ከወደ ቡታጅራ መጥተው በገበያው አካባቢ ምስማር፣ ቆርቆሮና ገመድ የሚሸጥ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ። እናታቸው ደግሞ ሱቁንም ቤቱንም በአንድ ድምፅ የሚያስተዳድሩ፣ ከደንበኛ ጋር በሲዳሙ አፎም በአማርኛም የሚከራከሩ ሴት ነበሩ። ሙሉጌጥ አለመሸነፍን ከማን እንደወሰዱ የሚጠይቅ ካለ መልሱ ይኸው ነው።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ ተከታተሉ። በፊዚክስ ጎበዝ፣ በድርሰት ደካማ ነበሩ፤ ሁለቱንም ራሳቸው ይናገሩት ነበር። በ1975 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሊጨርሱ ሲቃረቡ የአየር ኃይል መልማዮች ወደ ትምህርት ቤታቸው መጡ። የአውሮፕላን ቴክኒክ መማር የሚፈልግ ይነሣ ሲባል ወንዶቹ ተነሡ። ከሴቶቹ የተነሡት ሙሉጌጥ ብቻ ነበሩ። መምህራቸው እንዲቀመጡ በእጃቸው ምልክት ቢሰጧቸውም አልተቀመጡም። ከመልማዮቹ አንዱ፣ «ለጽሕፈት ሥራ ከሆነ እንመዘግብሻለን» አላቸው። እርሳቸውም፣ «የጽሕፈት ሥራማ እዚሁ ማዘጋጃ ቤት አለ፤ እኔ የተነሣሁት ለአውሮፕላኑ ነው» ብለው መለሱ። ተመዘገቡ።

አባታቸው ይህን በሰሙ ጊዜ ክረምቱን ሙሉ አላነጋገሯቸውም። ሴት ልጃቸውን ለሠራዊት መስጠት ከብዷቸው ነበር። ሙሉጌጥም አልለመኑም፤ እናታቸው ያዘጋጁላቸውን ሻንጣ ይዘው ደብረ ዘይት ገቡ። ከዓመት በኋላ በምረቃው ሰልፍ ላይ ከፊት ወንበር ተቀምጠው የተገኙት ግን አባታቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ሱቁ የገባ ደንበኛ ሁሉ ምስማር ከመግዛቱ በፊት ስለ ልጃቸው መስማት ግድ ሆነበት።

በትምህርት ውጤታቸው ተመርጠው በ1976 ዓ.ም. ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላኩ፤ በአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ ምህንድስና ተመርቀው በ1982 ዓ.ም. ተመለሱ። ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ በረዶውን ወይም ምግቡን አያነሡም ነበር። የሚያነሡት በሩን ነው። ስለ ራዳርና ስለ ሚስጥራዊ የሬዲዮ ግንኙነት የሚሰጡ አንዳንድ ትምህርቶች ሲደርሱ የውጭ አገር ተማሪዎች ከክፍል እንዲወጡ ይደረግ ነበር። ጓደኞቻቸው ያንን ሰዓት ለሻይ ሲጠቀሙበት ሙሉጌጥ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። በሩ ሲከፈት አስተማሪውን፣ «ዛሬ ያላስተማሩን ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር አብረዋቸው የተማሩ ይመሰክራሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። «አውሮፕላኑን ሸጠውልናል፤ እውቀቱን ግን እስከ በሩ ድረስ ብቻ ነው የሸጡልን» ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ሁሉ፣ ያጡትም ያገኙትም፣ ከዚያ ኮሪደር የመጣ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በተመለሱበት ዓመት የሒሳብ መምህር ከሆኑት ከአቶ ሰይፈሚካኤል ተክሌ ጋር በሐዋሳ በጋብቻ ተሳሰሩ። የደስታቸው ጊዜ አጭር ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ፤ እርሳቸውም እንደ ጓዶቻቸው ለወራት በተሐድሶ ጣቢያ ቆይተው ያለ ሥራ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ብዙዎች በዚያን ጊዜ ዩኒፎርማቸውን ደብቀዋል። ሙሉጌጥ የአባታቸውን ሱቅ አንድ ጥግ ይዘው ራዲዮና ቴሌቪዥን መጠገን ሲጀምሩ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው የተነሡትን ፎቶግራፍ ከጠረጴዛቸው በላይ ሰቀሉ። «የደርግ ወታደር» እያለ የሚያልፍ አልጠፋም። እርሳቸውም ብየዳቸውን ሳያቋርጡ፣ «የአየር ኃይል መሐንዲስ ነኝ። ቴሌቪዥንህን ነገ ና ውሰድ» ይሉ ነበር። ዕፀገነትና ፊልሞን የተባሉ ሁለት ልጆቻቸውን የወለዱትም በእነዚህ ዓመታት ነው።

በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ የቀድሞ ባለሙያዎች ጥሪ ተደረገላቸው። ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ ተቃወመ። አቶ ሰይፈሚካኤል፣ «ሙሉ፣ እነዚህ እኮ ያባረሩሽ ናቸው» አሏቸው። መልሳቸውን ዛሬም ድረስ በቤታችን እንጠቅሰዋለን፦ «ያባረሩኝ ሰዎች ናቸው፤ አውሮፕላኑ አላባረረኝም።» ልጆቹ ከአባታቸውና ከአያታቸው ጋር ቀሩ። በሰፈራችን በታቦር፣ «ልጆቿን ጥላ ሄደች» ተብሎ እንደተወራ እናውቃለን፤ ይህን ያወሩ ሰዎች ዛሬ በመካከላችን ካሉ ይስሙን። አልጣሏቸውም። እረፍት ባገኙ ቁጥር በአውቶቡስ መጥተው ሁለት ቀን አድረው ይመለሱ ነበር። ዕፀገነት መሐንዲስ የሆነችው የእናቷን ፈለግ ተከትላ ነው እንጂ ስለተዉዋት አይደለም።

በጦርነቱ ወቅት ሥራቸው የቆሙ ተዋጊ አውሮፕላኖችን ወደ በረራ መመለስ ነበር። አንድ አውሮፕላን በአንድ የተበላሸ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ምክንያት ከቆመ ሰነበተ። ሳጥኑ በአምራቹ የታሸገ ነው፤ ውሉ መክፈት አይፈቅድም፤ ወደ ውጭ ከተላከ ደግሞ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ሙሉጌጥ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ማኅተሙን ሰብረው ከፈቱት፣ ጠገኑት፣ አውሮፕላኑም በረረ። በዚያው ወር ማስጠንቀቂያም ምስጋናም ደረሳቸው። ሁለቱንም ጎን ለጎን በመስታወት አስገብተው ሳሎን ሰቅለዋቸዋል፤ ለለቅሶ የመጣችሁ አይታችኋቸዋል።

ከዚያ በኋላ በጥገናና በሥልጠና ዘርፍ በልዩ ልዩ ኃላፊነት እያገለገሉ የሌተና ኮሎኔልነት ማዕረግ ደረሱ። በ2009 ዓ.ም. ወደፊት አገሪቱ ምን ዓይነት ተዋጊ አውሮፕላን ያስፈልጋታል የሚለውን የሚያጠና ቡድን አባል ሆነው ተመደቡ። አሮጌዎቹ አውሮፕላኖች ዕድሜያቸው እየተገባደደ ነበር፤ የሚተካቸው ካልተገኘ ሰማዩ ክፍት ይቀራል። ሙሉጌጥ ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ይሁን እንጂ በጥናቱ ውስጥ አንድ ነገር በግልጽ እንዲጻፍ ተከራከሩ፦ የሚገዛው ማንኛውም ተዋጊ በአገር ልጅ የሚከፈት፣ የሚጠገንና የሚሻሻል ይሁን፤ ከግዢው ጎን ለጎንም በአገር ውስጥ መሥራት ይጀመር። መነሻው ትንሽ ቢሆንም፣ ሬዲዮና አብራሪ አልባ አውሮፕላን ብቻ ቢሆንም ይጀመር አሉ። በስብሰባው ላይ የሳቁ ነበሩ። አንድ ባልደረባቸው፣ «ሞተር ሳይክል እንኳ ያልሠራን ሰዎች ነን እኮ» ሲሏቸው፣ «ለዚህ ነው ዛሬ መጀመር ያለብን» አሉ።

በ2011 ዓ.ም. አንድ የውጭ ሻጭ ተወካዮቹን ልኮ ተዋጊ ጄቱን በሥዕል እያሳየ አስተዋወቀ። አውሮፕላኑ ጥሩ ነበር፤ ሙሉጌጥም ጥሩ መሆኑን አልካዱም። የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹ ግን በሙሉ የታሸጉ ነበሩ፤ የራዳሩን ሥርዓት መንካት የሚችሉት የሻጩ ባለሙያዎች ብቻ ናቸው። ሙሉጌጥ ከተወካዮቹ አንዱን፣ «በጦርነት መካከል አንዱ ቢበላሽ ምን እናደርጋለን?» ብለው ጠየቁ። «ወደ እኛ ትልኩታላችሁ» አላቸው። «በዚያን ቀን የእናንተ መንግሥት መጠገኑን ባይፈልግስ?» ተወካዩ ፈገግ ብሎ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈ።

ሻጮቹ ከሄዱ በኋላ ቡድኑ ግዢውን በሚደግፈው ውሳኔ ላይ ሊፈርም ተሰበሰበ። ሰብሳቢው በሠራዊቱ የተከበሩ፣ ሙሉጌጥም የሚያከብሯቸው ጄኔራል ነበሩ። «ኮሎኔል፣ የአገራችን ልጆች መሥራት እስኪማሩ ሰማዩ ባዶ ሆኖ አይጠብቅም» አሏቸው። ሙሉጌጥም፣ «ባዶ ይሁን አላልኩም፣ ጌታዬ። ግን የቤቴ ቁልፍ በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ እያለ ቤቴ ነው ብዬ አልፈርምም» አሉ። አልፈረሙም። የውሳኔው ሰነድ «ከአንድ አባል በስተቀር በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ተጻፈ። ያ ግዢ ከእርሳቸው ጋር በማይገናኝ ምክንያት በኋላ ሳይፈጸም ቀርቷል። እርሳቸው ግን ከጥናት ቡድኑ ተነሥተው ወደ ንብረት ክፍል ተዛወሩ፤ በ2012 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። የሽኝት ዝግጅቱ ላይ እንዲናገሩ ሲጋበዙ ያሉት ይህንኑ ነው፦ «ያ አንድ አባል እኔ ነኝ። አመሰግናለሁ።»

ወደ ሐዋሳ ሲመለሱ ዕረፍት ይገባቸዋል ያልን ሁላችን ተሳስተናል። ወር ሳይሞላቸው ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ፣ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተቱ ወጣት መሐንዲሶችን ማሰባሰብ ጀመሩ። ታቢታ፣ ሮቢ እና ኢያኤል የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ከሚመለከተው አካል ፈቃድ አውጥተው፣ በታቦር ተራራ ተዳፋት ላይ ባለው ግቢያቸው ጓሮ ቆርቆሮ አልብሰው ዎርክሾፕ ከፈቱ። ዓላማቸው ድንበርና ደን የሚቃኝ አብራሪ አልባ አውሮፕላን መሥራት ነበር። ሞተሩን ከውጭ ገዙ። አውሮፕላኑን የሚመራውን ኮምፒውተር ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ራሳቸው እንዲጽፉት አዘዙ። ታቢታ፣ «ኮሎኔል፣ የተዘጋጀ ይሸጣል እኮ፤ በሳምንት ይደርስልናል» ስትላቸው፣ «እሱን አምጪና ክፈቺው፤ ውስጡን ካስረዳሽኝ እንገዛዋለን» አሏት። ታቢታ ሞከረች፤ አልተከፈተላትም። ራሳቸው ጻፉት፤ ሁለት ዓመት ወሰደባቸው።

በ2015 ዓ.ም. ከከተማው ወጣ ብሎ በሐይቁ አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ እንግዶች ተጋብዘው የመጀመሪያው ሙከራ ተደረገ። አውሮፕላኑ ተነሣ፣ ከፍ አለ፣ ወደ ሐይቁ ዞረ፣ ከዚያም ሳይመለስ ቀረ። ሁሉም እያየ ውኃው ውስጥ ገባ። ከእንግዶቹ አንዳንዶቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ አልሞከሩም። ኢያኤል መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሙሉጌጥ ወደ እንግዶቹ ሄደው፣ «የዲዛይኑ ኃላፊ እኔ ነኝ። ጥያቄ ያለው እኔን ይጠይቀኝ፤ ልጆቹን ማንም እንዳይናገራቸው» አሉ። ከዚያ ሐይቅ ዳር ወርደው ዓሣ አጥማጆችን በሲዳሙ አፎ አነጋገሩ። አጥማጆቹም ጀልባቸውን አውጥተው ስብርባሪውን በመረባቸው ጎትተው አመጡላቸው።

በሐይቅ ዳር ዓሣ ቤቶች ውስጥ ለወራት መሳቂያ ሆኖ የከረመው ወሬ ይኸው ነው። «የኮሎኔሏ አምባዛ» አሉት። አምባዛ የሐይቁ ትልቅ ዓሣ ነውና ስሙ ፈጥኖ ተለመደ፤ በባጃጅ ሲሄዱ እንኳ ሾፌሩ፣ «አምባዛው ደኅና ነው?» ይላቸው ነበር። ቤተሰቡ ተሸማቀቀ። እኔ ታናሽ ወንድማቸው በኃይሉ፣ «እትዬ፣ ይብቃሽ፤ ስማችንን ሁሉ መሳቂያ አደረጉት» ብያቸው ነበር። «ስሙን ወድጄዋለሁ» አሉኝ። ስብርባሪውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከልጆቹ ጋር ሲመረምሩ የአንቴናው ገመድ በሞተሩ ንዝረት ተፈትቶ ግንኙነቱ መቋረጡን አገኙ። ማሰሪያውን ቀየሩ፣ ግንኙነት ሲቋረጥ ወደ ተነሣበት እንዲመለስም አስተማሩት። ሁለተኛው አውሮፕላን ሲጠናቀቅ ጎኑ ላይ በትልልቅ ፊደል «አምባዛ» የሚል ጽሑፍ በራሳቸው እጅ ቀቡበት።

በ2016 ዓ.ም. በዚያው ሜዳ፣ የሳቁትንም ጭምር ጠርተው አበረሩት። አምባዛ በሐይቁ ላይ ተሻገረ፣ ሆን ተብሎ ግንኙነቱ ተቋረጠ፣ ብቻውን ዞሮ መጥቶ አረፈ። ዓሣ አጥማጆቹ ከጀልባቸው ላይ አጨበጨቡ። ሙሉጌጥ ሮቢን፣ «ሞተሩን አጥፋና ገመዱን እየው» ብቻ አሉት። በዚያ ዓመት በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ ወቅት ከበዓሉ ሥፍራ ከጉዱማሌ ሲመለሱ አንድ ሽማግሌ አስቁመዋቸው፣ «አንቺ ነሽ ዓሣውን ያበረርሽው?» ብለው እንደመረቋቸው ሲያወሩ እንደ ልጅ ደስ ይላቸው ነበር። ካገኙት ሽልማት ሁሉ ይበልጥብኛል ይሉ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሕመም ተሰማቸው፤ ምርመራው ካንሰር መሆኑን አሳየ። በሐዋሳና በአዲስ አበባ ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ ተከታተሉ። ሐኪማቸው ከሥራ እንዲያርፉ ሲነግሯቸው ወደ ዎርክሾፑ መሄዱን ተዉ፤ ዎርክሾፑን ግን ወደ ሳሎን አስመጡት። ከመድኃኒቱ ጎን የብየዳ ብረት፣ ከትራሳቸው አጠገብ ኮምፒውተር ነበር። አቶ ሰይፈሚካኤል በአልጋው ጠርዝ ተቀምጠው የወጣት መሐንዲሶቹን ስሌት ያርሙ ነበር። ከባለቤታቸው ጋር አብረው የሠሩት ብቸኛ ሥራ ያ ነው፤ ሁለቱም በጣም ወደውት ነበር።

በክረምቱ ማለቂያ ላይ የዚያ የጥናት ቡድን ሰብሳቢ የነበሩት፣ አሁን ጡረተኛው ጄኔራል፣ ከቢሾፍቱ ድረስ መጥተው ጠየቋቸው። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ «ልክ ነበሩ ልልዎ አልመጣሁም፤ ያን ቀን በነበረው ሁኔታ አሁንም ያንኑ እፈርማለሁ» አሏቸው። ሙሉጌጥም፣ «እኔም አሁንም አልፈርምም» አሏቸው። ሁለቱም ሳቁ። ጄኔራሉ ቀጥለው በአዲሱ የተዋጊ አውሮፕላኖች ጥናት ውስጥ መክፈትና መጠገን የገዢው መብት እንዲሆን የሚጠይቅ አንቀጽ መግባቱን ነገሯቸው። ሙሉጌጥም፣ «አንቀጹ ጥሩ ነው። የሚከፍተው ሰውስ አለ?» አሉ። ጄኔራሉ በሳሎኑ ጥግ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ ወደምትሠራው ወደ ታቢታ ጠቆሙ። «እሷን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አሉ። ታቢታ ዛሬ በዚያ ሥራ ላይ ትገኛለች፤ ለዚህ ቀብር ፈቃድ ጠይቃ መጥታለች።

ከሕመማቸው ይልቅ የከበዳቸው ይህ የሕይወት ታሪክ ጽሑፍ ነበር ማለት ይቻላል። ምን እንደሚጻፍባቸው ተጨንቀው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጠሩኝና፣ «በኃይሉ፣ ተበድላ ሞተች፣ አገሯ ሳታውቃት ቀረች ብለህ እንዳታነብ። ሰው እያለቀሰ እንዲያዝንልኝ አልፈልግም። አልፈርምም ብዬ ያጣሁትን አውቄ ነው ያጣሁት። ሥራዬን ሠርቻለሁ፤ ይህን ጻፍ» አሉኝ። እነሆ ጽፌዋለሁ፣ እትዬ። አላዘንንልሽም፤ ስላጣንሽ እናዝናለን እንጂ።

ሌተና ኮሎኔል ሙሉጌጥ ደበሌ በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው፣ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ ላይ፣ በታቦር በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ለሠላሳ አምስት ዓመታት በትዳር አብረዋቸው ከኖሩት ከአቶ ሰይፈሚካኤል ተክሌ ሁለት ልጆችን አፍርተው፣ ከልጃቸው ከዕፀገነት ደግሞ ሃሴት የተባለች የልጅ ልጅ አይተዋል። እኔን ጨምሮ እህትና ወንድሞቻቸው፣ በዎርክሾፑ ያሳደጓቸው መሐንዲሶችና በየጣቢያው ያሠለጠኗቸው ቴክኒሻኖች ዛሬ በአንድነት ቆመን እንሸኛቸዋለን። በሕመማቸው ጊዜ የጠየቃችሁ፣ ያስታመማችሁ፣ ዛሬም ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ በተለይም ድንኳኑን በመትከል የቀደማችሁን የሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆች ማኅበር አባላት፣ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናችኋል። ዎርክሾፑ ከሐዘኑ ሦስተኛ ቀን በኋላ ይከፈታል፤ ትእዛዙ የእርሳቸው ነው።

ሰማይን የዘረጋ አምላክ የእህታችንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበላት፤ በቅዱሳኑ አጠገብም ያሳርፋት። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ ለተከተሏቸው ወጣቶች እንደ እርሳቸው ተቀመጡ ሲባሉ ቆሞ የመቅረትን ብርታት ይስጥልን። አሜን።